ትሪል፣ ሞርደንትና ተርን በፒያኖ ላይ፦ ጣትን ለጌጥ የማሠልጠኛ መመሪያ

ፒያኖ የሚማር ሰው ስኬሉን አጥርቶ መጫወት ከቻለ በኋላም እንኳ፣ ከኖታው አናት ላይ አንዲት የተጠማዘዘች ምልክት ብቅ ባለች ቁጥር እጁ ይደርቃል፣ ምቱ ይዘገያል፣ እስከዚያ ድረስ ሲፈስ የነበረው ዜማም በዚያች ቦታ ይደናቀፋል። ችግሩ በጀማሪውም ብዙ ዓመት በተማረውም ላይ የሚደጋገም ሲሆን፣ ዘወትር የሚሰጠው ምክር ጣትን ማጠንከርና ማፍጠን ብቻ በመሆኑ ይብሱን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። ጌጥ ማለት ዋናውን ድምፅ ከጎረቤቱ ጋር በፍጥነት በማፈራረቅ፣ ወይም ከፊቱ አጭር ድምፅ በማስቀደም ዜማውን የሚያስውብ የድምፆች ስብስብ ነው፤ ይህም በጣት ጉልበት የሚገኝ አይደለም። የሚገኘው ጣት ከተጫነ በኋላ ቁልፉን በጊዜው ለቅቆ፣ ለሚቀጥለው ድምፅ ሳይወጠር ሲጠብቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚዞሩት በዚህ ነጥብ ዙሪያ ስለሆነ፣ አንባቢ ስለ ጣት መውረድ የሚያስበውን ያህል ስለ ጣት መነሳትም እያሰበ ቢከተላቸው ይጠቀማል።

ጌጥ ለፒያኖ ተጨማሪ ነገር ተደርጎ መታየትም የለበትም። ድምፃዊ አንዱን ድምፅ ይዞ ማጎላት፣ ማለሳለስና በቅላጼ ማወዛወዝ ይችላል፤ የማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን በክሩ ላይ አንሸራትቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሻገራል። የፒያኖ ድምፅ ግን መዶሻው ክሩን ከመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ የሚሄድ ስለሆነ፣ ረጅሙን ድምፅ በሕይወት ለማቆየትና ዜማውን ለማወዛወዝ ተጫዋቹ ያለው ዋነኛ መንገድ የጣቶቹ መፈራረቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ኖታዎቹ የተጠሩት በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ አጠራር ነው፤ ዶ የሚባለውም ሁለቱ ጥቁር ቁልፎች በተጠጋጉበት ስፍራ፣ ከነርሱ በስተግራ የሚገኘው ነጭ ቁልፍ ነው። ጣቶቹ እንደ ተለመደው በቁጥር ተሰይመዋል፦ አውራ ጣት 1፣ ጠቋሚ ጣት 2፣ የመሃል ጣት 3፣ የቀለበት ጣት 4፣ ትንሿ ጣት 5።

1. መሣሪያውን መመርመርና አቀማመጥን ማስተካከል

ብዙ ተለማማጆች የጣታቸው ጥፋት የሚመስላቸው ነገር አንዳንዴ የመሣሪያው ጠባይ ነው። ስለዚህ አስቀድመው አንድ ቁልፍ፣ ለምሳሌ መሃል አካባቢ ያለውን ላ፣ በአንድ ጣት ደጋግመው ይጫኑ፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ቁልፉን ከቀድሞው ትንሽ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ሳለ መልሰው ይጫኑትና ድምፁ የሚጠፋበትን ከፍታ ያግኙ። በግራንድ ፒያኖ ላይ መዶሻውን ከግማሽ መንገድ መልሶ የሚያነሳ ተጨማሪ ማንሻ ስላለ፣ ቁልፉ እስከ ላይ ሳይደርስ ድምፁ ሊደገም ይችላል። በቁም ፒያኖ፣ ማለትም ክሮቹ ቆመው በተዘረጉበት ከግድግዳ ተጠግቶ በሚቀመጠው ፒያኖ ላይ ግን ይህ ማንሻ ስለሌለ፣ ቁልፉ ወደ ቦታው ሊመለስ እስኪቃረብ ድረስ ቀጣዩ ድምፅ አይወጣም። ትሪል ሁለት ቁልፎችን እያፈራረቀ እያንዳንዱን ብዙ ጊዜ የሚደግም በመሆኑ፣ በቁም ፒያኖ የሚለማመድ ሰው ጣቱ ቁልፉን ሙሉ በሙሉ እንዲያስመልስ ካላስለመደው፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን በየመካከሉ ድምፅ ይጎድልበታል።

በአገራችን አብዛኛው ተለማማጅ የሚጀምረው በኪቦርድ፣ ብዙ ሰው ኦርጋን በሚለው መሣሪያ ነው። ክብደት የሌላቸው፣ በስፕሪንግ የሚመለሱ ቁልፎች ጣትን በትንሽ ግፊት ስለሚመልሱለት ጌጡ ቶሎ የተሳካ ይመስላል፤ ያው ሰው ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ግን ግማሹ ድምፅ ይጠፋበታል። ይህ ማለት በኪቦርድ መለማመድ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ በማንኛውም ቁልፍ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ግን ክብደት ያለው ቁልፍ ባለበት ቦታ አልፎ አልፎም ቢሆን መፈተሽ አለባቸው። ኪቦርዱ የጣትን አመታት ለይቶ ድምፁን የሚያጎላና የሚቀንስ ከሆነ ይህን ማስተካከያ ይክፈቱት፤ ሁሉንም ድምፅ በአንድ ልክ የሚያወጣ መሣሪያ ያልተስተካከለውን ጣት ይደብቃልና።

ወንበሩ ክርን ከቁልፎቹ ገጽ ጋር በተቀራረበ ከፍታ ላይ እንዲውል ሆኖ ይስተካከል። ክርን ዝቅ ካለ የእጅ አንጓ ወደ ላይ ይሰበራል፤ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ክንድ ጣቶቹን ይጫናቸዋል። ጥፍር ይቆረጥ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት እርሳስ፣ ላጲስና ሜትሮኖም፣ ማለትም ምቱን በእኩል ርቀት የሚቆጥር መሣሪያ ናቸው፤ ሜትሮኖሙ በስልክ የሚጫነውም ቢሆን በቂ ነው።

2. ምልክቱ የሚጠይቀውን በእርሳስ መጻፍ

ጣት የማያውቀውን ነገር አጥርቶ ሊጫወት አይችልም። ከጌጥ መበላሸት ግማሹ የሚመነጨው ተጫዋቹ ስንት ድምፅ፣ ከየትኛው ጀምሮ፣ በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ሳይወስን እጁን ስለሚያንቀጠቅጥ ነው። ትሪል ዋናውን ድምፅ ከላዩ ካለው ጎረቤት ጋር ማፈራረቅ ነው። ሞርደንት ደግሞ ዋናውን ድምፅ፣ ከሥሩ ያለውን ጎረቤት፣ ከዚያም መልሶ ዋናውን የሚያሰማ የሦስት ድምፆች ጌጥ ሲሆን፣ ምልክቱ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘች አጭር መስመር ሆና መሃሏን ቀጥ ያለ ጭረት ያቋርጣታል። ይህች ጭረት ከሌለች ጌጡ ወደ ላይኛው ጎረቤት የሚሄድ አጭር ትሪል ነው፤ ሁለቱን ማምታታት እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። ተርን ዋናውን ድምፅ ከላይም ከታችም የሚዞረው ጌጥ ነው፤ በላይኛው ጎረቤት ይጀምራል፣ በዋናው ያልፋል፣ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ መልሶ ዋናው ላይ ያርፋል። ምልክቱ ከኖታው አናት ላይ ሳይሆን በሁለት ኖታዎች መካከል ከተጻፈ፣ ዋናው ድምፅ መጀመሪያ ተይዞ ከቆየ በኋላ መጨረሻው አካባቢ ይዞራል። አፖጃቱራ በትንሽ ኖታ የሚጻፍ፣ ምቱ ላይ አርፎ ከዋናው ድምፅ ጊዜ የሚወስድ ተደጋፊ ድምፅ ነው፤ ትንሿ ኖታ ሰያፍ ጭረት ካለባት ግን አቻካቱራ ትባላለች፣ የምትሰማውም እንደ ብልጭታ ነው።

ትሪል ከዋናው ድምፅ ይጀምራል ወይስ ከላይኛው የሚለው ጥያቄ በሥራው ዘመን ይወሰናል። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. በ1720 ለልጁ ለዊልሄልም ፍሪዴማን ባስጀመረው የልምምድ ደብተር ውስጥ የጌጦችን አፈታት በሰንጠረዥ አስፍሯል፤ በዚያም ትሪሉ የሚጀምረው ከላይኛው ጎረቤት ነው። ሌላው ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤልም እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው የክላቪየር አጨዋወት መጽሐፍ ይህንኑ ያስተምራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከተጻፉት ሥራዎች በብዙዎቹ ግን ትሪሉን ከዋናው ድምፅ መጀመር የተለመደ ነው። ተለማማጁ በዚህ ጉዳይ አስተማሪውን ወይም በጥሩ አዘጋጅ የተሰናዳ እትምን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ዋናው ነገር ውሳኔው ከልምምዱ በፊት ተደርጎ ድምፆቹ በሙሉ ከምልክቱ በላይ በእርሳስ መጻፋቸው ነው። ዛሬ ከላይኛው፣ ነገ ከዋናው እየጀመረ የሚለማመድ እጅ ሁለቱንም አይማርም።

የባኽ የመጀመሪያው ኢንቬንሽን፣ በዶ ሜጀር ያለው፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በመጀመሪያው ባር ቀኝ እጅ ከዶ ተነስቶ ከሮጠ በኋላ ሶል፣ ዶ፣ ቲ፣ ዶ የሚሉ ሰፋ ያሉ ድምፆችን ያሰማል፤ ቲ ላይም ሞርደንት አለ። ጌጡ ሲጻፍ ቲ-ላ-ቲ ይሆናል። ምልክቱን አሳስቶ ያነበበ ሰው ቲ-ዶ-ቲ ብሎ ቢጫወት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዶ አስቀድሞ ስለተሰማ መድረሻው ጣዕሙን ያጣል፤ በትክክለኛው መንገድ ሲሠራ ግን ቲ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይነሳና ዶን በአዲስ ጉልበት ያገኘዋል። ጎረቤቱ ጥቁር ቁልፍ ይሁን ነጭ የሚወሰነውም በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ባሉት ሻርፕና ፍላቶች ስለሆነ፣ እነርሱም በእርሳሱ ጽሑፍ ውስጥ ይግቡ።

3. ዜማውን ያለ ጌጥ መጫወት

ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ጌጡን በሙሉ ትተው፣ ዋናዎቹን ድምፆች ብቻ ከግራ እጅ ጋር በትክክለኛው ምት ይጫወቱ። ይህ ደረጃ የሚዘለለው ቀላል ስለሚመስል ነው፤ ሲዘለል ግን ጌጡ የሚገባበት ክፍተት ስፋቱ ሳይታወቅ ስለሚቀር፣ ተጫዋቹ ጌጡን ለማስገባት ምቱን ይጎትታል። የተራቆተው ዜማ በጆሮ ውስጥ ከተቀመጠ፣ በኋላ ጌጡ ቢበላሽ እንኳ እጅ ጥሎት ማለፍና ምቱን መጠበቅ ይችላል።

4. ጣቶችን መምረጥ

ጣት የሚታጠፍባቸውና የሚዘረጋባቸው ትላልቆቹ ጡንቻዎች የሚገኙት በክንድ ውስጥ ነው፤ ጣቶቹን የሚስቡትም በእጅ አንጓ በኩል በሚያልፉ ጅማቶች አማካይነት ነው። የቀለበት ጣትን የሚያነሳው ጅማት ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጅማቶች ጋር በእጅ ጀርባ ላይ የተያያዘ ስለሆነ፣ 4 ለብቻው ከፍ ብሎ መነሳት አይችልም። እጅን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ የመሃል ጣትን አጥፎ ከሥር በማስቀመጥ 4ን ለማንሳት የሚሞክር ሰው ይህን ወዲያው ያየዋል። ስለዚህ 4ን በግድ ከፍ ማድረግ የሚጠይቅ ልምምድ ሁሉ ጣቱን ሳይሆን ውጥረቱን ያጠነክራል።

ከዚህ ተነስቶ ለትሪል ተመራጭ የሚሆኑት ጥንዶች 2 እና 3፣ 1 እና 3፣ እንዲሁም 2 እና 4 ናቸው። 2 እና 3 ለአጭርና ለፈጣን ጌጥ ይመቻሉ። 1 እና 3 ረጅምና ጎላ ያለ ትሪልን ይሸከማሉ፤ ምክንያቱም ጣቶቹ ተራርቀው ስለሚቆሙ ክንድ እንደ በር ቁልፍ ግራና ቀኝ በጥቂቱ እየዞረ ሊያግዛቸው ይችላል። ከሁለቱ ድምፆች አንዱ ጥቁር ቁልፍ ከሆነ ረጅሙን ጣት በጥቁሩ ላይ ማዋል እጅን ያሳርፋል። 3 እና 4 የግድ የሚሆኑበት ቦታ አለ፤ 4 እና 5 ግን ሌላ መንገድ እስካለ ድረስ ይቅሩ። ግራ እጅ አውራ ጣቱ በላይኛው ድምፅ በኩል ስለሚውል ምርጫው የቀኙ ግልባጭ ይሆናል፤ በቀኝ እጅ የተሠራውን የጣት ቁጥር እንዳለ ወደ ግራ ማዛወር ግን አይሠራም።

ጣት የሚመረጠው ለጌጡ ብቻ አይደለም፤ ከጌጡ ለመውጣትም ነው። ተለማማጁ በጌጡ መጨረሻ የሚመጣውን ድምፅ በየትኛው ጣት እንደሚያገኘው አስቀድሞ ይወቅ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠረ የጌጡን ጣቶች ይመድብ። የተመረጠው ቁጥር በእርሳስ ይጻፍ፣ ከተጻፈም በኋላ ሳይታወቅ አይለወጥ።

5. በዝግታ መልቀቅን መማር

ይህ ደረጃ የመመሪያው ልብ ነው፤ ቸኩሎ ያለፈው ሰው ተመልሶ ይመጣበታል። የቀኝ እጅን 2 በሶል፣ 3ን በላ ላይ ያስቀምጡ፤ ሌሎቹ ጣቶች በየቁልፎቻቸው ላይ ሳይጫኑ ይረፉ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርገው በአንድ ምት አንድ ድምፅ ብቻ ይጫወቱ፤ ፔዳል አይነካ። 2 ሶልን ሲጫን ድምፁ የሚወጣው ቁልፉ ወለሉን ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ግፊት ለድምፁ ምንም አይጠቅመውም፤ ለጣቱ ግን ሸክም ነው። በሚቀጥለው ምት 3 ላን ሲጫን፣ 2 በዚያው ቅጽበት ጭነቱን ያነሳል። ጣቱ ወደ አየር አይዘልም፤ ቁልፉ ራሱ ወደ ላይ ሲመለስ ተሸክሞት ይመጣል፣ ጣቱም ከቁልፉ ገጽ ሳይለይ ይቆያል።

ዓይንን በጣት ላይ ሳይሆን በቁልፎቹ ላይ ማድረግ ይጠቅማል። ከጎን ዝቅ ብሎ ለተመለከተ፣ ላ ወደ ታች ሲወርድ ሶል ወደ ላይ ሲመጣ እንደ ሚዛን ሁለት ጫፎች ይታያሉ። ሁለቱም ቁልፎች ለአፍታ አብረው ታች የሚቆዩ ከሆነ ሁለቱ ድምፆች ይደራረባሉ፤ በዝግታ ጊዜ ይህ ትንሽ ጉድለት መስሎ ያልፋል፣ በፍጥነት ጊዜ ግን ትሪሉን ጭቃ የሚያደርገው ይኸው ነው። አንዱ ቁልፍ ሌላው ሳይወርድ ቀድሞ ከተነሳ ደግሞ በመካከሉ ቀዳዳ ይሰማል።

ውጥረትን ለመፈተሽ በየአራት ምቱ ግራ እጅን ከቀኝ አንጓ ሥር አስገብተው በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። አንጓው ከታዘዘ ሥራው በደህና መንገድ ላይ ነው፤ እንደ እንጨት ከተቃወመ ግን ክንዱ ጣቶቹ ሊሠሩት የሚገባውን እየሠራ ስለሆነ እጅን ከቁልፎቹ ላይ አንስተው ያሳርፉ። በእጅ ጀርባ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ሳይወድቅ መጫወት የሚባለው የቆየ ልምምድ ለዚህ አይመከርም፤ ሳንቲሙ እንዳይወድቅ የሚጠነቀቅ እጅ አንጓውን አስሮ መያዝ ይጀምራልና።

የድምፁ መጠን ለስላሳ ይሁን። ለስላሳ ትሪል ከጎላው ይልቅ ብዙ ይጠይቃል፤ በለስላሳው የተገኘው ደግሞ በቀላሉ ይጎላል። ትንሿ ጣትና አውራ ጣት በዚህ ጊዜ ምን እንደሚሠሩ መመልከትም ተገቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 5 ወደ ላይ ተወጥሮ እንደ ቀንድ ቆሞ ይገኛል። እርሱን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ትሪሉን ሊያቀልለው ይችላል።

6. በአጭር በአጭሩ መፍጠን

ፍጥነት የሚመጣው ከዝግታ ተነስቶ ቀስ በቀስ በመጨመር ብቻ ነው የሚለው እምነት በጌጥ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ፈጣን እንቅስቃሴ ከዘገምተኛው የተለየ ስሜት ስላለው ጣት በትንንሽ ቁራጭ ሊቀምሰው ይገባል። ስለዚህ ሶል-ላ-ሶል ብለው ሦስቱን ድምፆች በአንድ ትንፋሽ፣ በምቾት በሚቻለው ፍጥነት ይጫወቱና በመጨረሻው ሶል ላይ ይቁሙ። በቆሙበት አንጓውን ይፈትሹ፤ ላልቶ ከተገኘ ይድገሙ። ሦስቱ ሲጠሩ ሶል-ላ-ሶል-ላ-ሶል ወደሚለው አምስት፣ ከዚያ ወደ ሰባትና ወደ ዘጠኝ ይሂዱ። ሰባቱ ከተበላሹ ወደ አምስት መመለስ እንጂ ሰባቱን በግድ መደጋገም አያስፈልግም። ከላይኛው ድምፅ ለሚጀምሩት ጌጦች ያው ልምምድ ላ-ሶል ብሎ ተጀምሮ፣ በአራት፣ በስድስትና በስምንት ድምፆች ሶል ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል።

ከዚህ በኋላ ሜትሮኖም ይግባ። በ60 ላይ በእያንዳንዱ ምት አራት ድምፅ በእኩል ይጫወቱ፤ መጀመሪያ ሶል ምቱ ላይ እንዲውል፣ ቀጥሎ ላ ምቱ ላይ እንዲውል አድርገው ይለዋውጡ። ይህ መለዋወጥ የሚጠቅመው ከሁለቱ ጣቶች አንዱ ዘወትር አለቃ፣ ሌላው ዘወትር ተከታይ እንዳይሆን ነው። ጥርት ሲል 66፣ ከዚያ 72፣ ከዚያ 80 እያሉ ይውጡ። በ60 ምት ስምንት ድምፅ መጫወት በ120 ምት አራት ድምፅ ከመጫወት ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም በሰከንድ ስምንት ድምፅ ናቸው፤ ይህም ለአብዛኛው ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከእኩልነቱ የተሻለ ፍጥነት የለም፤ በሰከንድ ስድስት የሆነ ነገር ግን እንደ ዶቃ እኩል የተሰካካ ትሪል፣ ዐሥር ሆኖ ከሚንቀጠቀጠው ይልቅ ፈጣን መስሎ ይሰማል።

በዚህ ደረጃ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ጡንቻ እስኪያቃጥል ድረስ ትሪሉን ለደቂቃዎች ሳያቋርጡ መምታት ነው። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ እጅ ይረፍ፤ በቀን ከዐሥር ደቂቃ ያላነሰ ከሩብ ሰዓትም ያልበለጠ ጊዜ ለጌጥ ብቻ ቢመደብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመታገል እጅግ ይሻላል። ጣት ወይም ክንድ ከታመመ ወይም ከደነዘዘ ልምምዱ በዚያው ይቁም፤ ሕመሙ በእረፍት ካልተወ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ተሸክሞት መለማመድ አይገባም።

7. የጌጡን መውጫ መሥራት

አድማጭ ከትሪል የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው፤ ተለማማጅ ግን ሲለማመድ የሚውለው መጀመሪያውን ነው። የሞዛርት የዶ ሜጀር ሶናታ (ኬ. 545፣ እ.ኤ.አ. በ1788 የተጻፈው) ብዙ ተማሪዎች ቀድመው ከሚያገኟቸው ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ በአራተኛው ባር ላይ ያለው ትሪልም ብዙዎችን ያሰናክላል። ቀኝ እጅ ሶልን ካሰማ በኋላ ፋ ላይ ትሪል ያደርጋል፤ ከዚያ ሚ-ፋ የሚሉ ሁለት ፈጣን ድምፆች መጥተው በሚ ላይ ያርፋል። በፋ ላይ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሶል-ፋ-ሶል-ፋ ለማለት ብቻ ይበቃል፤ የበለጠ ለመጨመር የሚታገል ሰው ሚ ላይ ዘግይቶ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ከመጨረሻው ወደ ኋላ መሥራት ይበጃል። መጀመሪያ ሚ-ፋ-ሚ የሚለውን ብቻ በ1-2-1 ጣቶች ይጫወቱና ሚ ላይ በትክክል ከግራ እጅ ጋር ይረፉ። ቀጥሎ ከፊቱ ሶል-ፋን ይጨምሩ፣ 3-2-1-2-1 ይሆናል፤ በመጨረሻም ሌላ ሶል-ፋ ይጨመርና ጌጡ 3-2-3-2-1-2-1 ሆኖ ይሞላል። በዚህ መንገድ የተሠራ እጅ ወደሚያውቀው ነገር እየሄደ ስለሆነ መጨረሻው ላይ አይደነግጥም፤ ከመጀመሪያው ወደ ፊት የተለማመደ ሰው ግን ዘወትር ከሚያውቀው ወደማያውቀው ይሮጣል። ለማንኛውም ተርን፣ ሞርደንትና ረጅም ትሪል ያው አሠራር ይሠራል። በዝግተኛ ዜማ ውስጥ ያለ ተርንም የዜማው አካል ስለሆነ በዝግታ መዘመር አለበት፤ ትንንሽ ኖታ ሁሉ ፈጣን ነው ብሎ ማሰብ ብዙ ውብ ዜማ ያሳጣል።

8. ሁለቱን እጆች ማገናኘት

አንዱ እጅ ትሪል ሲያደርግ ሌላው በእኩል ምት ሲራመድ፣ ትሪሉ የሌላውን እጅ ሊጎትተው ይሞክራል። መፍትሔው በምት ውስጥ የሚገቡትን የትሪል ድምፆች ቁጥር መወሰን ነው። የባኽ አራተኛው ኢንቬንሽን፣ በሬ ማይነር ያለው፣ በቀኝ እጅም በግራ እጅም ረጅም ትሪል ስላለው ለዚህ ልምምድ የሚመረጥ ነው፤ የሌላው እጅ እያንዳንዱ አጭር ድምፅ ሲመታ ከትሪሉ ሁለት ድምፅ እንዲውል ቆጥረው በዝግታ ይጀምሩ። በፍጥነት ጊዜ ይህ ቁጥር ሳይሰማ ቢቀርም እንደ ድብቅ ምሰሶ ሆኖ ሁለቱን እጆች ይይዛል። ጆሮን በትሪሉ ላይ ሳይሆን በሚራመደው እጅ ላይ ማድረግም ይጠቅማል፤ ትሪል ብዙ በተጠበቀ ቁጥር ይደርቃል፣ ለብቻው ሲተው ይፈስሳል። በየጥቂት ቀኑ በስልክ ቀድተው በማግሥቱ ቢያደምጡት፣ በመጫወት ላይ ሳሉ ያልተሰማው መጎተት ጎልቶ ይሰማል።

9. ጌጥን በኢትዮጵያ ቅኝቶች መሥራት

ከዚህ በላይ የተገለጹት ጌጦች ጎረቤት ድምፅ የሚሉት ቀጥሎ ያለውን የስኬል ድምፅ ነው። አምስት ድምፅ ባላቸው ቅኝቶቻችን ግን ጎረቤት አንዳንዴ ሩቅ ነው። በትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ስላሉ፣ በሚ ላይ የሚሠራ ጌጥ ወደ ፋ ቢሄድ ከቅኝቱ ይወጣል፤ የሚ እውነተኛ ላይኛ ጎረቤት ሶል ነው፣ የላም እንዲሁ ዶ ነው። በዚህ ስፋት 2 እና 3 ስለሚወጠሩ 2 እና 4 ወይም 1 እና 3 ይመረጣሉ፤ ከጣት መነሳት ይልቅም የክንድ ትንሽ መዞር ሥራውን ይሸከማል። በፒያኖ የተቀዳውን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን (እ.ኤ.አ. 1923–2023) አጨዋወት በጥሞና የሚያደምጥ ሰው፣ አጫጭር ድምፆች ከዋናው ዜማ ፊት እየቀደሙ እንደ ቅላጼ ሲፈስሱና ምቱም እንደ ትንፋሽ ሲሰፋና ሲጠብ ይሰማል፤ ይህን ነጻነት ለመሞከር ከላይ ያሉት የምት ልምምዶች መቅደም አለባቸው፤ ምትን መጠበቅ ያልቻለ እጅ ሊያሰፋውም ሊያጠብበውም አይችልምና።

አምባሰል ደግሞ ለአቻካቱራ የተመቸ ቅኝት ነው። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት ሲሆኑ፣ ሬ ፍላት ከዶ፣ ላ ፍላትም ከሶል አጠገብ የሚገኙ ጥቁር ቁልፎች ናቸው። 2ን በሬ ፍላት ጫፍ ላይ አስቀምጠው በለስላሳው ይጫኑትና፣ ጣቱን ሳያነሱ ከጥቁሩ ጠርዝ ወደ ዶ ያንሸራትቱት፤ በአንድ ጣት ሁለት ድምፅ ይወጣል፣ የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ሙሉ ሆኖ። ጣቱ በአዲስ ጉልበት ሁለተኛ ጊዜ አይመታም፤ የእጁ ክብደት ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል። ድምፆቹ የሚለያዩ ከሆነ ጣቱ ወደ ጥቁሩ ጠርዝ ቀርቦ ይጀምር፤ የሚደራረቡ ከሆነ ደግሞ ጥቁሩን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ እንደወረደ ይፈተሽ። በሬ ፍላት ከተሳካ በኋላ በላ ፍላትና በሶል ላይ ይደገም፤ ቀጥሎም በ3 ጣት፣ በመጨረሻም ግራ እጅ ዶንና ሶልን አብሮ ይዞ ሳለ።